ታይቶ የሚጠፋ ጉድለትና የቤተ ሰብ እምነት

በዕቃ ላይ የሚደርስ ጉድለት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ደርሶ የሚቀር ነው፤ ይኸውም ጎማ ሲፈነዳ፣ መስተዋት ሲሰበር፣ በር ከማጠፊያው ሲነቀል የምናየው ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ልጅም ሽማግሌም ያየዋል፤ ስለ መኖሩ የሚከራከር የለም፤ የሚቀረው ማሠራት ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን መጥቶ የሚሄድ ነው። ባለቤቱ በሌለበት ይመጣል፤ ባለቤቱ ሲደርስ ይሄዳል። በመንገድ ላይ ሰውን ሲያስጨንቅ ውሎ፣ ባለሙያ ዘንድ ሲደርስ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ይህ ጉድለት ከዕቃው ይልቅ ሰውን ይጎዳል፤ ያየው ሰው ያየውን ለማሳየት ስለማይችል ሐሰተኛ ይባላልና።

እኔ ይህን የተረዳሁት በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ምክንያት ነው። ነገሩ የሞተር ነገር ቢመስልም የቤተ ሰብም ነገር ስለ ሆነ፣ መኪና ያላቸውም የሌላቸውም ቢሰሙት ይጠቀሙበታል ብዬ በማሰብ ጽፌዋለሁ። እኔም ራሴ አማርኛን የተማርሁት በትምህርት ቤት ነውና፣ ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉት ባልደረቦቼ እንዳይቸገሩ የጋራዥ ቃላትን እግረ መንገዴን እያፍታታሁ እሄዳለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ጥቂት ወራት በካርቱም ተቀምጬ ነበር። ያረፍሁበት ሰፈር ሪያድ ይባላል፤ ቃሉ በዐረብኛ የአትክልት ቦታዎች ማለት ነው። ሰፈሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምሥራቅ ይገኛል፤ ሲቲን፣ ማለት ስድሳ፣ የሚባለው ሰፊ ጎዳና በአጠገቡ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ከታላላቆቹ ቤቶች በስተ ኋላ ባሉት ትንንሽ ክፍሎች ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎች በዘበኝነት፣ በወጥ ቤት ሥራና በንግድ እየተዳደሩ ይኖሩ ነበር።

እኔ በተከራየሁበት ግቢም ከ30 ዓመት በላይ በሱዳን የኖሩ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የእርሳቸውም የእኔም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትግርኛ ስለ ሆነ «አቦይ» እያልሁ እጠራቸው ነበር፤ በአማርኛ «አባቴ» እንደ ማለት ነው። መተዳደሪያቸው ዕድሜዋ ከ25 ዓመት ያለፈ አንዲት ፒክአፕ ነበረች፤ ሱዳኖች እንዲህ ያለችውን መኪና ቦክሲ ይሏታል። በእርስዋም ከማዕከላዊው ገበያ አትክልትና ፍራፍሬ እየጫኑ ለሪያድ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ያደርሱ ነበር። ጉልበታቸው እየደከመ በመጣ ጊዜ መሪውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት። ልጁ የ20 ዓመት ወጣት፣ ዐይነ አፋርና ቁጥብ ነበር፤ አጎቱንም እንደ ቋንቋችን ደንብ «ሐወቦይ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ የአባቴ ወንድም ማለት ነው።

በዚያ ዓመት በሚያዝያና በግንቦት በሱዳን የነዳጅ እጥረት በርትቶ ስለ ነበር፣ መኪናዎች በየማደያው ረዥም ሰልፍ ይዘው ይውሉ ነበር። ከማደያ ውጪም ቤንዚን በድብቅ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ጠቡ የተጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። ወጣቱ ማልዶ ወጥቶ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ መመለስ ሲገባው እኩለ ቀን ላይ ይመለስ ጀመር። ቲማቲሙ በፀሐይ ይበላሻል፤ ደንበኛው ይቈጣል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «መኪናይቱ ጠፋችብኝ» ይላል፤ ሞተሩ በመንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመብኝ ማለቱ ነው። ሽማግሌው ግን በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በሰፈሩ ዙሪያ ሲነዷት አንድ እንከን አያገኙባትም። አንድ ቀን እንዲህ ሆነ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ። ከዚህ በኋላ «ልጁ ቤንዚኑን እየቀዳ ይሸጣል፤ ጊዜውንም በዚያ ያጠፋል» የሚል ሐሳብ በልባቸው ገባ። አፍ አውጥተው ሌባ አላሉትም፤ ነገር ግን መኪናይቱ ስትገባ የቤንዚኑን መርፌ ይመለከቱ ጀመር። ወጣቱም ይህን ባየ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር ለማዕድ መቅረቡን ተወ።

በዚህ መካከል ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «በካርቱም ሙቀት ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ እየፈላ ነው» አለ፤ ሁለተኛው «በእጥረት ጊዜ የሚሸጥ ቤንዚን ቈሻሻ አያጣም» አለ፤ ሦስተኛው «ካንዴላ ነው» አለ። ካንዴላ የሚባለው በሞተሩ ራስ ላይ ተሰክቶ ብልጭታ የሚሰጠው ትንሽ ዕቃ ነው። ይህም ቃል፣ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፣ መቈንጠጫው ፒንሳ፣ ሞተር ማስነሻውም ሞተሪኖ መባሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በየምክሩ ዕቃ ተገዛ። መጀመሪያ የቤንዚን ማጣሪያው ተለወጠ፤ ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፑ፤ ከዚያም ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጠበ፤ በመጨረሻም አራቱ ካንዴላዎችና ኮይሉ ተለወጡ።

ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ መኪናይቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ደኅና ትሠራና «ዳነች» ትባላለች፤ በአራተኛው ቀን ትጠፋለች። የእንዲህ ያለው ጉድለት አታላይነቱ በዚህ ነው፤ ማንም ሳይነካው ለጥቂት ቀን ራሱ የሚሰወር ስለ ሆነ፣ በመጨረሻ የነካው ሰው ሁሉ ያዳነው ይመስለዋል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንደሚባለው ገንዘቡ በከንቱ አለቀ። ከገንዘቡም የከፋው፣ አንድ ዕቃ ተለውጦ ጉድለቱ በተመለሰ ቊጥር በወጣቱ ላይ ያለው ጥርጣሬ መጨመሩ ነበር። «ሁሉ ነገር ታድሶላት እንዴት ትጠፋለች?» ይባል ነበርና።

አንድ ማታ ሽማግሌው መኪናይቱን በርካሽ ሸጠው ልጁን ወደ አገር ቤት ለመመለስ ማሰባቸውን ገለጡልኝ። እኔም «አቦይ፣ በልጁ ላይ ከመፍረድዎ በፊት መኪናይቱን እንጠይቃት» አልኋቸው። «ልጄ፣ መኪና አፍ አላት?» አሉኝ። ሁለት ሳምንት እንዲታገሡኝ ለመንኋቸው፤ ፈቀዱልኝ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን የነበሩት ካህን አንድ አሮጌ የመኪና ሞተር በክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ሆን ብለው አንዱን ሽቦ ያላሉና «ምን ጎደለው?» ብለው ይጠይቁን ነበር። ተማሪው በግምት ቢመልስ፣ ግምቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ በምን እንዳወቀ ካላስረዳ ነጥብ አይሰጡትም ነበር። በሪያድ የተጠቀምሁበት ይህንኑ ልማድ ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን የሞተርን አሠራር በአጭሩ ልግለጥ። ሞተር ይሠራ ዘንድ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። 1ኛ፣ ቤንዚንና አየር በልክ ተደባልቀው ወደ ሲሊንደሩ መግባት አለባቸው። 2ኛ፣ ፒስተኑ ድብልቁን በኀይል ማመቅ አለበት። 3ኛ፣ በታመቀው ድብልቅ ላይ በትክክለኛው ቅጽበት የእሳት ብልጭታ መውደቅ አለበት። የባትሪው ኀይል 12 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ፣ በካንዴላው ጫፍ ያለውን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ዘሎ ብልጭታ ለመሆን አይችልም። ስለዚህ ኮይል የሚባል ዕቃ አለ። በውስጡ በአንድ ብረት ላይ ሁለት ሽቦዎች ተጠምጥመዋል፤ አንዱ ወፍራም ሆኖ ጥቂት ዙር አለው፤ ሁለተኛው ቀጭን ሆኖ ብዙ ሺህ ዙር አለው። በወፍራሙ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቈረጥ፣ በቀጭኑ ውስጥ ከ20,000 ቮልት በላይ ሊደርስ የሚችል ኀይል ይነሣል። የዚህን ሕግ መሠረት እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግም በዚሁ ሕግ በባትሪ የሚሠራ የመኪና ብልጭታ አዘጋጅቶ በ1910 እ.ኤ.አ. የካዲላክ መኪና ላይ ዋለ።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በየሴኮንዱ 100 ብልጭታ ያስፈልገዋል። ከዚህ የተነሣ ብልጭታው ለዐይን ጥቅሻ ያህል ቢቋረጥ ሞተሩ ይደናቀፋል፤ ጨርሶ ከተቋረጠም መብራት እንደሚጠፋ ሁሉ ወዲያው ይጠፋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን አጠፋፉ ሌላ ነው። በካርቡራተሩ ውስጥ የተጠራቀመ ጥቂት ቤንዚን ስላለ ወዲያው አይጠፋም፤ አስቀድሞ ኀይሉ ይደክማል፤ ይንገጫገጫል፤ እንደሚያስል ሰው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ይቆማል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ጠፋች?» የሚል ነው።

ለወጣቱ አንድ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ሰጠሁት። በጠፋች ቊጥር አምስት ነገር እንዲጽፍ ነገርሁት፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሞተሩ ምን ያህል ጊዜ ሲሠራ እንደ ቆየ፣ በጠፋችበት ቅጽበት እርሱ ምን ያደርግ እንደ ነበርና ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ተነሣች። ደግሞም በእነዚያ ቀኖች ማንም አንዳች ዕቃ እንዳይለውጥ ተስማማን፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደ ረዳ አይታወቅምና።

በ14 ቀን ውስጥ 9 ጊዜ ጠፋች። ደብተሩን ስንመረምረው የሚከተለው ተገኘ። በጧት፣ ሞተሩ ሳይግል፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋችም። ዘጠኙም ጊዜ የጠፋችው ሞተሩ ከጋለ በኋላ ነው። ዘጠኙም ጊዜ ወጣቱ ፍጥነት ለመጨመር ቤንዚን በመስጠት ላይ ነበር፤ አብዛኛውንም ጊዜ በሲቲን ጎዳና ላይ ነው። ስትጠፋ ሳታስልና ሳትንገጫገጭ በድንገት ነው። ከዘጠኙ አራቱን ጊዜ ቁልፉ እንደ ገና ሲዞር ወዲያው ተነሥታለች፤ አምስቱን ጊዜ ግን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይታ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ያልጠፋችበት ቀን ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በማደያ ሰልፍ ውስጥ ሞተርዋ ሳይጠፋ ጥቂት በጥቂት እየተራመደች ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየች፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር፤ እርስዋም ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ግላ ነበር፤ ነገር ግን አልጠፋችም።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ነገር አስተማረን። ጉድለቱ የቤንዚን መፍላት ቢሆን ኖሮ፣ ነፋስ በማይነካት በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከሁሉ አስቀድማ በጠፋች ነበር። የፈላ ቤንዚንም እስኪበርድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቁልፍ በዞረ ጊዜ ወዲያው አይድንም። ስለዚህ ሙቀት በነገሩ ውስጥ ቢኖርበትም ብቻውን አልነበረም፤ ሌላ ተባባሪ አለው። ተባባሪውም ቤንዚን በመስጠት ጊዜ የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር መሆን አለበት። ሽማግሌው ጉድለቱን ስለ ምን እንዳላዩትም በዚሁ ተገለጠ፤ እርሳቸው የሚፈትኗት በማለዳ፣ ባዶዋን፣ በሰፈር ውስጥ ቀስ ብለው እየነዱ ነበርና።

ከዚህ በኋላ መኪናይቱ ራስዋ እንድትመሰክር አደረግን። ባለ 12 ቮልት አንዲት ትንሽ አምፑል ገዝተን አንዱን ሽቦዋን ኤሌክትሪክ ከቁልፉ ወደ ኮይሉ በሚገባበት ጫፍ ላይ፣ ሁለተኛውን በመኪናይቱ ብረት ላይ አሰርንና አምፑልዋን ከነጂው ፊት አኖርናት። ፍርዱ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አምፑልዋም አብራ ከጠፋች፣ ጉድለቱ ከኮይሉ በፊት ነው፤ ማለት በቁልፉ ቤት፣ በፊውዙ ወይም በመካከል ባለው ሽቦ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አምፑልዋ ከበራች ግን ኤሌክትሪኩ እስከ ኮይሉ ደርሷል፤ ጉድለቱም ከዚያ ወዲያ ነው።

ሽማግሌውም አብረውን እንዲሄዱ ለመንኋቸው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥተን ሞተሩ እስኪግል ከተማውን ዞርን። በሲቲን ጎዳና ላይ ወጣቱ ፍጥነት ሲጨምር ሞተሩ ጸጥ አለ። አምፑልዋ ግን እንደ በራች ነበረች። ልጁ መኪናይቱን ወደ ዳር አውጥቶ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ተቀመጠ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ሽማግሌውም አምፑልዋን ብዙ ጊዜ ተመለከቷት። ይህን ሁሉ ሳምንት ሲነገራቸው የነበረውን ነገር ያን ዕለት በዐይናቸው አዩት።

በማግስቱ ደብተሩን ይዘን በካርቱም የኢንዱስትሪ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሱዳናዊ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድን። እንዲህ ያለውን ባለሙያ በዚያ አገር «ኡስታ» ብለው ያከብሩታል። ኡስታው ብዙ ጊዜ «ሹዋያ ሹዋያ» የሚል ቃል ያዘወትሩ ነበር፤ ጥቂት በጥቂት ማለት ነው፤ እኛም «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደምንለው። ሽማግሌው ደብተሩን ወደ ዐረብኛ እየመለሱ ሲያነቡላቸው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያም ሌላውን ሁሉ ትተው በቀጥታ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈቱ። ዲስትሪቢዩተር ማለት ብልጭታውን ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ የሚያከፋፍለው ዕቃ ነው።

በድሮ መኪናዎች በዚህ ዕቃ ውስጥ እየተከፈቱና እየተዘጉ ኤሌክትሪኩን የሚቈርጡ ሁለት የብረት ነጥቦች ነበሩ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በብዙ መኪናዎች በነጥቦቹ ፈንታ ትንሽ የሽቦ ጥቅልና ማግኔት ገቡ። ጥቅሉ «አሁን ቊረጥ» የሚለውን ምልክት በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ለኤሌክትሮኒኩ መሣሪያ ይልካል። ጥቅሉ የተቀመጠበት ትንሽ ሳሕን ደግሞ ይንቀሳቀሳል፤ ነጂው ቤንዚን ሲሰጥ ከካርቡራተሩ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚመጣ የአየር መሳብ ሳሕኑን ጎትቶ ብልጭታው ቀደም እንዲል ያደርጋል። ሳሕኑ በተንቀሳቀሰ ቊጥር ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች አብረው ይታጠፋሉ።

ኡስታው በሁለቱ ሽቦዎች ጫፍ ላይ የመለኪያቸውን መርፌዎች አስነክተው ንባቡን አሳዩን፤ ደኅና ነበር። ቀጥለው የቱቦውን ጫፍ በአፋቸው ይዘው አየሩን ሳቡት። ሳሕኑ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያውም መለኪያው መንገዱ የተቋረጠ መሆኑን አሳየ። ቱቦውን ሲለቁት ንባቡ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ከዚያም የአንዱን ሽቦ ሽፋን በምላጭ ሰነጠቁት። ከውጭ ሲያዩት ምንም ነውር የሌለበት ሽቦ በውስጡ የመዳቡ ክሮች ተበጥሰው ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው ብቻ ቆመው ነበር። ሲበርድ ይነካካሉ፤ ሲግልና ሲታጠፍ ይላቀቃሉ። የሁለት ሳምንቱ ደብተር የጻፈው ሁሉ በዚህ አንድ ጣት በማይሞላ ሽቦ ተፈታ። ኡስታው በፈንታው ብዙ ክሮች ያሉት ለስላሳ ሽቦ በጥየዳ አገናኝተው፣ እንደ ልብ እንዲታጠፍም ትንሽ አላልተው ተዉት። የተከፈለው ዋጋ ቀደም ሲል ለተገዙት ዕቃዎች ከወጣው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ያን ማታ ሽማግሌው ማዕድ ሲቀርብ ልጁ ካልመጣ አልበላም አሉ። በመጣም ጊዜ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እየሰሙ «የነገርኸን ሁሉ እውነት ነበር፤ ያላመንሁህ እኔ ነኝ» አሉት። ልጁም ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። በእኛ ባህል ሽማግሌ በልጅ ፊት እንዲህ ብሎ መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም። የእርሳቸውን ቃል ከማናቸውም ጥገና የበለጠ ዋጋ እሰጠዋለሁ፤ ሽቦውን ጠግኖ ልጁን በጥርጣሬ መተው ይቻል ነበርና።

አሮጌ መኪና ላላቸው አንባብያን ጥቂት ሌሎች ምልክቶችን ልጨምር። ሞተሪኖው ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ በቁልፉ ቤት ወይም ወደ ኮይሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ በሚቀንሰው መቈጣጠሪያ ላይ ጉድለት መኖሩን መጠርጠር ነው። ቁልፉን ሲነቀንቁት የሚጠፋ ከሆነም የቁልፉ ቤት አርጅቷል፤ ከባድ የቁልፍ ዘለላ በእርሱ ላይ ማንጠልጠል ይህን ያፈጥነዋል። ሞተሩ ሲጠፋ መብራቱም ሁሉ አብሮ የሚደክም ከሆነ በባትሪው ራስ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች፣ ደግሞም ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ሽቦ መመልከት ይገባል። ከጋለ በኋላ የሚጠፋና ሲበርድ የሚነሣ ከሆነም፣ ኮይሉን በብርዱም በጋለበትም ጊዜ መለካት ነው፤ በብርዱ ብቻ የለካ ሰው ደኅና ነው ብሎ ይመለሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ አገር ደግሞ በክረምት ጧት የሚያስቸግረው እርጥበት ነው፤ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው ብልጭታው በእርጥበቱ በኩል ወደ ሌላ ይሄዳል። ፀሐይ ሲወጣ ክዳኑ ይደርቃል፤ ጉድለቱም ባለሙያው ሳይደርስ ይሰወራል።

ሁለት ማስጠንቀቂያም አለ። ብልጭታ መኖሩን ለማየት ካንዴላ ነቅለው የሚፈትኑ ሰዎች ቤንዚን ከሚሸትበት ቦታ ይራቁ፤ ካንዴላውንም በባዶ እጅ አይያዙ። ደግሞም በጉዞ ላይ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ አይገባም፤ የሞተሩ እርዳታ ከሌለ በብዙ መኪናዎች ላይ ፍሬኑ ከአንድ ሁለት ጊዜ በኋላ ይከብዳልና፣ አንድ ጊዜ አጥብቆ ይዞ ወደ መንገድ ዳር መውጣት ይሻላል።

እነዚያ ሰዎች ዛሬ በሪያድ የሉም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኀይል መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ የሆነው ያ ሰፈርም ከመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጀምሮ የጦርነት ቦታ ሆነ። ጦር ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱንና አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስፍር ቊጥር የሌለው ሰው ከከተማው ተሰዶ ነበር። ሽማግሌውም ከነቤተ ሰባቸው በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ወጡ። ያወጣቻቸውም ያችው ቦክሲ ነበረች። በመንገድ ላይ አብረው የተጓዙ ሰዎች ሌላ ልምድ ያለው ነጂ እንዲቀመጥ ሲመክሯቸው «የወንድሜ ልጅ ካልነዳ አልሄድም» ማለታቸውን በስልክ ነገሩኝ።

በቤትም በመሥሪያ ቤትም ታይቶ የሚጠፋ ጉድለት ብዙ ነው። ተማሪው አንዳንድ ቀን ብቻ ራሱን ያመዋል፤ ሠራተኛው አንዳንድ ሰኞ ብቻ ያረፍዳል፤ ስልኩ አለቃው ሲሞክረው ይሠራል፤ ጸሓፊዋ ስትሞክረው ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ የበላይ የሆነ ሰው «እኔ ሳየው ደኅና ነው» በማለት ነገሩን ሊዘጋው ይቻለዋል። ሥልጣን ስላለው የሚከራከረው የለም፤ ጉድለቱ ግን በቦታው ይቀራል፤ የታመነው ሰውም ልቡ ይሰበራል። ስለዚህ «ማን አጠፋ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «መቼ? የት? ከምን በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱንም በጽሑፍ መያዝ፣ ያልደረሰበትንም ቀን እንደ ደረሰበት ቀን መመዝገብ፣ አንዱን ነገር ለይተው ሳይፈትኑ ሌላውን አለመለወጥ፣ ከሁሉም በላይ ነገሩ በሚደርስበት ሰዓትና ቦታ ራስን አቅርቦ ማየት መልካም ነው።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ነገር ግን እውነት እስኪጠራ ድረስ የሚጠረጠረው ሰው በየቀኑ ይጎዳል። የቤተ ሰብ አባትም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሹም ጊዜውን ለማሳጠር የሚችለው በትዕግሥት በመመርመር ነው። ለዚህም አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃሉ፤ በመኪናችሁም በጠረጴዛችሁም ላይ አይታጡ።